ርካሽ ዳታ ለቡላኦስ፣ ትርፉም ለኩባንያው

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የሞባይል ዳታ በጅቡቲ ለዓመታት ውድ ሆኖ የኖረው ውድ መሆን ስላለበት አይደለም። ገበያው በአንድ የመንግሥት ኩባንያ፣ በጅቡቲ ቴሌኮም፣ እጅ ስለሆነ፣ ለዚያም ኩባንያ ጥሩ ገንዘብ በሌላ በር፣ ከባሕር ሥር ገመድ ሽያጭ፣ ስለሚገባለት ነው። ዋጋው ቢወርድና አሸጣጡ የገዢውን ኑሮ ቢመስል ሕዝቡ ይጠቀማል፤ ጅቡቲ ቴሌኮምም ይበልጥ ያተርፋል። ይህን የምንለው ለቡላኦስ ነዋሪ አዝነን ብቻ አይደለም። ጉዳዩ የኢትዮጵያንም ኪስ ይነካል።

ጅቡቲ ከተማ ሦስት ኮሚዩኖች አሏት፦ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ። ቡላኦስ የሕዝብ ሰፈር ነው። ካርቲዬ የሚባሉት መንደሮቹ በቁጥር ይጠራሉ፣ ቤቶቹ ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ይደባለቃሉ። ከዚህ ሰፈር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በሃራሙስ በኩል፣ አውሮፓን ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የሚያገናኙ የባሕር ሥር ገመዶች ወደ የብስ ይወጣሉ። ሲኮም፣ ኢሲ፣ የአውሮፓ ህንድ መተላለፊያ፣ ኤኤኢ-1 እና ሲሚዊ-5 ጅቡቲን ይነካሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ዴር-1 ደግሞ ከዚያው ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል ሞምባሳ ይደርሳል። በአፍሪካ ቀንድ ይህን ያህል ገመድ የያዘ ከተማ የለም። የኢትዮጵያም የውጭ ኢንተርኔት ትልቅ ድርሻ የሚገባው በዚሁ በር ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ዓለም አቀፍ የዋጋ ንጽጽር ጅቡቲ የአንድ ጊጋ ዋጋ እጅግ ከሚወደድባቸው የአፍሪካ አገሮች ጋር ተመድባ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ወደ ሱቁ በረንዳ እንቅረብ። ምሽት ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ሲል፣ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር ኢትዮጵያዊት ካርድ ገዝታ፣ ጥቅል ሞልታ በኢሞ ወደ አገር ቤት ትደውላለች። ቪዲዮ ጥሪ በግርድፉ በደቂቃ 5 ሜጋ ያህል ይበላል። ከእናቷ ጋር ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊት እየተያዩ ልጨዋወት ብትል 150 ሜጋ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሰላምታው እንዳለቀ ቪዲዮውን ታጠፋዋለች፤ «ሜጋ እየበላብኝ ነው» ትላለች፤ ወሬው በድምፅ ብቻ ይቀጥላል። ባለሱቁም ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ የሚያመጣውን ዕቃ ፎቶ በዋትስአፕ ይቀበላል፤ ቪዲዮ ሲላክለት ግን አይከፍተውም። ሁለቱም እየቆጠቡ ነው። ቁጠባ ለቤተሰብ ደግ ነገር ነው፤ ለኔትወርክ ኩባንያ ግን ኪሳራ ነው። ሴትየዋ ያጠፋችው ቪዲዮ ኩባንያው ያልሸጠው ዕቃ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ነገ ሊሸጥ መጋዘን ውስጥ አይቆይም።

የዳታ ንግድ ባሕርይ ያለው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት እንቆይበት። ነጋዴ አንድ ኩንታል ስኳር ካልሸጠ ስኳሩ ቤቱ ይቀመጣል። የኔትወርክ ማማ ግን በየሰከንዱ የተወሰነ መጠን ያስተናግዳል፤ በዚያች ሰከንድ ሰው ካልተጠቀመበት አቅሙ ባከነ። ለማማው፣ ለሬዲዮ መሣሪያው፣ ለፋይበሩና ለፍሪኩዌንሲው የሚወጣው ገንዘብ ሰው ቢጠቀምም ባይጠቀምም ይወጣል። መሣሪያውን የሚያቀዘቅዘው ኤር ኮንዲሽነር፣ በተለይ በጅቡቲ በጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ወጪው የሚጨምረው ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍትና ማማው ሲጨናነቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ማማ መትከል ግድ ይላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚወርድ ፊልም ግን ለኩባንያው ከምንም የማይቆጠር ወጪ ነው። እንግዲህ ዳታን ቀን ከሌት በአንድ ዋጋ መሸጥ፣ ያውም በውድ፣ ባዶ አውቶቡስ እየነዱ የቲኬት ዋጋ ከመጨመር አይለይም።

«ዋጋው የተወደደው ገመዱ ውድ ስለሆነ ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ወደብ ለሌላት ኢትዮጵያ ይህ በከፊል እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ጊጋ ድንበር ይሻገራልና። ለጅቡቲ ግን አይሠራም። ኩባንያው የብዙዎቹ ገመዶች ባለድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመ የዳታ ማዕከል በከተማዋ አለ፤ የኢንተርኔት ይዘት አከፋፋዩ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2017 መሣሪያውን ጅቡቲ ላይ ተክሏል። ሕዝቡ ደጋግሞ የሚያየው ነገር እዚያው ከተማ ውስጥ ሲቀመጥ በየጊዜው ባሕር ማቋረጥ አያስፈልገውም። የኤሌክትሪኩስ? ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ኃይል ትሸጣለች። በነገራችን ላይ ይህ ልብ ሊባል ይገባል፤ የእነሱን አንቴና የሚያስነሣው መብራት ከእኛ ይሄዳል፣ የእኛን ስልክ የሚያስነሣው ኢንተርኔት ከእነሱ ይመጣል። ሁለቱ አገሮች እንዲህ ተጋምደው ሳለ በጋራ የሚሸጡት ጥቅል አለመለመዱ ያስገርማል።

ሁለተኛው ክርክር የገበያው ትንሽነት ነው። የጅቡቲ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ «ለዚህ ሕዝብ አንድ ኩባንያ ይበቃዋል» ይባላል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው የሚኖረው በአንዲት ከተማ ነው። ተራራ ለተራራ ማማ መትከል የሚጠበቅበት የጎንደርና የወሎ ኔትወርክ ሠራተኛ ቡላኦስን ቢያይ ይቀናል፤ መሬቱ ሜዳ፣ ሰዉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፋይበሩም ደጅ ላይ ነው። አንድ ማማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያገለግላል። በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ቡላኦስን ያህል በርካሽ ሊሸፈን የሚችል ሰፈር በቀጠናው ጥቂት ነው። በሰሜን ያሉት ታጁራና ኦቦክ ሌላ ነገር ናቸው፤ ለእነሱ መንግሥት ድጎማ ይመድብ። ለበረሃው የሚወጣው ወጪ ግን በካርቲዬው ዋጋ ላይ ተለጥፎ መቅረት የለበትም።

የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከነፍስ ወከፍ የወር ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። በጅቡቲ ይህ ሚዛን ራሱ ያታልላል። ወደቡና የውጭ ጦር ሰፈሮች የአገሪቱን አማካይ ገቢ ከፍ ያደርጉታል፤ የቡላኦስ የቀን ሠራተኛ ግን በዚያ አማካይ ውስጥ የለም። ዋጋው መለካት ያለበት እሱ በቀን በሚያገኘው ነው። ቀን በቀን የሚያገኝ ሰው የወር ጥቅል አይገዛም፤ የዛሬን ይገዛል። ጥቅሉ በትንሽ ፍራንክ ካልተቆረሰለት ገበያው ውስጥ የለም።

ኩባንያዎች ዳታን ተወዳጅም አትራፊም ማድረግን የተማሩበት ታሪክ ረጅም አይደለም። የጃፓኑ ዶኮሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 አይ-ሞድን ሲጀምር ሁለት ብልሃት ነበረው። አንደኛ፣ የሚያስከፍለው በደቂቃ ሳይሆን በተላለፈው የዳታ መጠን ነበር፤ አንዲት አጭር መልእክት ሳንቲም እንኳ አትሞላም። ሁለተኛ፣ ዜና፣ ጨዋታና የደወል ዜማ ለሚያቀርቡት ከሕዝቡ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለቀቀላቸው፤ ለራሱ የሚያስቀረው 9 በመቶ ብቻ ነበር። አቅራቢው 91 በመቶ እንደሚያገኝ ሲያውቅ ቀን ከሌት ሠራ፤ ሰዉም የሚያየው ነገር ስለነበረው ገዛ። በሦስት ዓመት ገደማ ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ገባ። አውሮፓውያን በዚያው ዘመን ዋፕ የሚባል አገልግሎት አወጡ፤ በደቂቃ ያስከፍሉ ነበር፣ ገጹ ሳይከፈት ሒሳቡ ያልቃል፣ ስለዚህ ሰው ሸሸው። እነዚሁ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ለሦስተኛው ትውልድ ፍሪኩዌንሲ በእንግሊዝ ብቻ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ከፈሉ፤ የሚሸጡት ነገር ግን ገና አልነበራቸውም።

ከጃፓን ይልቅ የሚቀርበን የራሳችን ታሪክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀነሰ። ያን ጊዜ ተፎካካሪ አልነበረውም፤ መንግሥት ዘርፉን ሊከፍት መሆኑን ካሳወቀ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። «ገቢው ይወድቃል» ያሉ ነበሩ። አልወደቀም። በ2012 በጀት ዓመት ገቢው 47.7 ቢሊዮን ብር፣ በ2016 ደግሞ 93.7 ቢሊዮን ብር ደረሰ። የብር መርከስና የኑሮ ውድነት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ እንዳለ አንክድም፤ በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ብር የተወረወረው ገቢም ያለ መስከረሙ የታሪፍ ጭማሪ የሚታሰብ አይደለም። ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም፤ ዋጋ ሲወርድ ሰዉ ገባ፣ የገባው ሰውም ስልኩን ለጥሪ ብቻ ሳይሆን ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብና ለቲክቶክ ተጠቀመበት። ያን ሕዝብ መልሶ ማስወጣት አይቻልም።

ጅቡቲ ቴሌኮም እንደ ብዙ የመንግሥት ኩባንያ የቆየ ቁስል አለበት፤ የውጭ አገር ጥሪ። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሃርጌሳ፣ ወደ ፓሪስ የሚደወለው ደቂቃ የወርቅ ማዕድኑ ነበር፤ ዋትስአፕና ኢሞ ወሰዱት። የጠፋውን በዳታ ዋጋ ለማካካስ መሞከር የማንኛውም ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። እኛም አገር ከዚህ የባሰ ተሞክሯል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎት ነበር። ዛሬ ገጠር ያለች እናት ሳትቀር በኢሞ ትደውላለች። ቴክኖሎጂ ያሸነፈውን ገቢ በታሪፍ መመለስ አይቻልም፤ አዲስ ገቢ መፈለግ ነው የሚያዋጣው።

አዲሱ ገቢ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ነው። በጎረቤት ሃርጌሳ ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ዛአድን እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምሮ ሕዝቡን ከጥሬ ገንዘብ አላቀቀው ማለት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ መዝግቧል። ጅቡቲ ቴሌኮምም ዲ-መኒን አውጥቷል። የሞባይል ገንዘብ ለኩባንያው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ከዝውውሩ ኮሚሽን፣ ሌላ ደግሞ ደንበኛው ሲሙን ጥሎ ወደ ሌላ እንዳይሄድ ስለሚያስረው። ዲ-መኒ ግን በዳታ ዋጋ ተይዟል። መተግበሪያውን ለመክፈት ሜጋ የሚቆጥር ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍራንክ መምረጡ አይቀርም። እንግዲህ ዲ-መኒን ያለ ዳታ ክፍያ እንዲከፈት ማድረግ ቸርነት አይደለም፤ ሱቅ የከፈተ ሰው ደጁን እንደመጥረግ ነው።

ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ከዶራሌ ወደብ ጭኖ በጋላፊ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሾፌር ሁለት ሲም ይይዛል። ድንበር ላይ አንዱን ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፤ ወይም ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ገዝቶ አንደኛው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይዞራል። ጭነት ሲዘገይ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ የጉምሩክ ወረቀት ሲጎድል ፎቶ አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ይህ ሰው አትራፊ ደንበኛ ነው፤ በወር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ ወጪውንም ብዙውን ጊዜ አሠሪው ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮምና ጅቡቲ ቴሌኮም በገመድ ጉዳይ መነጋገር አልቸገራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከሱዳኑ ሱዳቴል ጋር ሆነው ሆራይዘን የተባለውን የፋይበር መስመር ስምምነት ጅቡቲ ላይ ተፈራርመዋል። ለቴራቢት የገመድ አቅም የተስማሙ ድርጅቶች ለአንድ ሾፌር ጥቅል መስማማት አያቅታቸውም። የመተላለፊያውን መንገድ ሁሉ በአንድ ሲም፣ በአንድ ዋጋ የሚሸፍን ጥቅል ያውጡ። ቡላኦስ ውስጥ የምታድረው ሠራተኛም ከዲ-መኒ ወደ ቴሌብር በቀጥታ የምትልክበትን በር ይክፈቱ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ማንኛውንም የማስታወቂያ ዘመቻ ያስንቃሉ።

የጅቡቲ መንግሥት መፍትሔ ብሎ ይዞት የነበረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የጅቡቲ ቴሌኮምን እስከ 40 በመቶ ድርሻ ለስትራቴጂክ ባለሀብት እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለዲጂታል መሠረት ፕሮጀክት 10 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ቴሌኮምን ጨምሮ ብዙ ዘርፎችን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን በሕግ ተቋቁሟል። ተቆጣጣሪው መቋቋሙ ደግ ነው። የድርሻ ሽያጩን ግን እንደ መፍትሔ አንቀበለውም። ብቻውን የሚነግድ ድርጅትን 40 በመቶ የሚገዛ ባለሀብት የሚገዛው የብቸኝነቱን ዋጋ ነው፤ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ፉክክር እንዳይመጣ ዋነኛው ተሟጋች እሱ ይሆናል። ግምጃ ቤቱ አንድ ጊዜ ገንዘብ ያገኛል፤ የቡላኦስ ዋጋ ግን እዚያው ይቀራል። ኢትዮጵያ በብዙ ነገር ብትወቀስም በዚህ ቅደም ተከተሉን አልሳተችም። ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ የሰጠችው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ በ2017 ነው። ገዢው ተፎካካሪ እንዳለ አውቆ ገዛ።

ተፎካካሪ ሲገባ ሁሉም ይስተካከላል ማለታችን ግን አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በከባድ ኪሳራ ነው ያሳለፈው። የፈቃዱ ዋጋ ራሱ ሸክም ነበር፣ የብር መውደቅም ጎድቶታል። ጅቡቲ ከዚህ መማር ያለባት ፈቃድን በውድ መሸጥ ተጠቃሚውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል መሆኑን ነው። ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሁለት ሙሉ ኔትወርክ መዘርጋት አያዋጣም የሚል ካለ፣ ማማው አንድ ይሁን፣ ገመዱም አንድ ይሁን፤ ሻጩ ግን ሁለት ይሁን። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሮ ስለሚኖር ወደዚያ የሚገባ ባለሀብት ሳፋሪኮምን ያንገዳገደውን የምንዛሪ አደጋ ያህል አይፈራም። ይህ ለቀጠናው ብርቅ የሆነ ዕድል ነው።

ስለ ጥቅል የጊዜ ገደብም በአጭሩ። የገዛኸው ጊጋ ሳትጨርሰው በሰባት ቀን ሲጠፋብህ የሚሰማህ ቁጭት በኩባንያው ላይ ይመለሳል። በኬንያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ጊዜው የማያልፍ ጥቅል ሲያወጣ አልከሰረም። በጅቡቲ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ጥላ በሚገባበት ሰዓት ያልተጠቀመበትን ለማታ የሚያስቀምጥ ሰው ሊቀጣ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ላይ ሩቢማር የተባለችው መርከብ ተመትታ ስትንሳፈፍ ገመዶች ተቆርጠው ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ቀን ኔትወርኩ ሲቆም ደግሞ የደንበኛው ጥቅል ሰዓት መቁጠሩን ማቆም አለበት። ይህን ማዘዝ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው፤ የኩባንያው ፈቃደኝነት አይጠበቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የጅቡቲ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የጅቡቲ ቴሌኮምን የጅምላና የችርቻሮ ሒሳብ ለየብቻ አስከፍቶ ያሳትም፤ ገመዱን ለውጭ ኩባንያ በስንት እንደሚሸጥና ለቡላኦስ በስንት እንደሚሸጥ ጎን ለጎን ይታይ። የድርሻ ሽያጭ የሚኖር ከሆነም ከሁለተኛ ፈቃድ በፊት አይሂድ። ኢትዮ ቴሌኮምም ከገመዱ ትልልቅ ደንበኞች አንዱ እንደመሆኑ በሚቀጥለው ድርድር ላይ የሾፌሩንና የቤት ሠራተኛዋን ጥቅል ከቴራቢቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍር።